በስልክ የሄደው ስም

«ራምዚ ሸረፋ! ቦርሳህን ይዘህ ውጣ።»

ርእሰ መምህሩ አቶ ዱባለ ከክፍሉ በር አላለፉም። በአንድ እጃቸው ስልካቸውን ይዘዋል፤ በሌላው አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። አተት፣ ያ ክፉ ተቅማጥ፣ ቡታጅራ ከገባ ሳምንቱ ነው።

«ስምህ በሕመምተኞች ዝርዝር ውስጥ ተልኮልኛል። አሥር ቀን ከቤት እንዳትወጣ።»

«እኔ? ምንም አላመመኝም እኮ! ቲቸር፣ ሰኞ የሚኒስትሪ ፈተና ነው!»

አጠገቡ የነበሩት ልጆች ዴስኩን ለቀው ተነሡ። ራምዚ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ከኋላ የተቀመጠችው የክፍሉ ልጅ ሰልሚያ ከአንገቷ ቀና ማለት አቃታት። ስሙን የጻፈችው እሷ ናት።

እናቷ ሀሊሜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች፣ የታመመ ስታገኝ በተሰጣት ስልክ ስሙን ለጤና ጣቢያ ትልካለች። ስልኩ ሲያስቸግራት ደግሞ ለልጇ ታቀብላለች። ትናንት «የራምዚ እናት፣ ቆጮ ሻጯ» አለቻት። በሰፈሩ ሴት የምትጠራው በበኩር ልጇ ነው፤ የራሷን ስም ማን ያውቃል? ስልኩ ግን ስምና የአባት ስም ካልተሞላለት አልልክም አለ። ሰልሚያም «ራምዚ ሸረፋ» ብላ ሞላች። የማን ቤት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል ብላ ነበር።

ለምሳ ስትገባ ለእናቷ ነገረቻት።

«ወላሂ ጉድ ሆንን!» አለች ሀሊሜ። «ስልኩን ለማንም እንዳትሰጪ ብለውኛል። አንቺ እንደነካሽው ካወቁ እንጀራዬ ይቆረጣል።»

«ታዲያ የእናቱን ስም አስተካክለሽ ላኪ።»

«ትምህርት ቤት የደረሰ ዝርዝር ገበያ አይደርስም? ሴትየዋ ጤና ጣቢያ ተኝታለች፤ ድና ስትመለስ ቆጮዋን ማን ይገዛታል? ልጆቹን አይቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው። እኔ ለሕክምና ነው እያልኩ ነው ስም የምቀበለው። ለትምህርት ቤት ስጡ ማን አላቸው?»

ሰልሚያ ምሳዋን ትታ ስለ ራምዚ አሰበች። ራምዚ «እናቴ ናት የታመመችው» ቢል ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር። ሚኒስትሪው ሊያመልጠው እያየ እንኳ የእናቱን ነገር አላወጣም።

ደብተሯን አንሥታ ወጣች። እናቷ ሂጂ አላለቻትም፤ አልከለከለቻትምም።

በቀጥታ አቶ ዱባለ ቢሮ ገባች።

«ቲቸር፣ ራምዚ አልታመመም። በእናቴ ስልክ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«በእናትሽ ስልክ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ነገር በእናትሽ ላይ ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

አቶ ዱባለ ስልካቸውን ከፈቱ። «እሺ፣ የታመመው ማነው? ንገሪኝና በሱ ልተካው።»

ጣታቸውን ስልኩ ላይ አድርገው ጠበቁ።

«እሱን የጤና ጣቢያ ሰዎች ያውቁታል» አለች ሰልሚያ። «እርስዎ የራምዚን ስም ብቻ ያጥፉልኝ።»