ፈታሽበት

«አንድ ቀዳዳ ዘለሃል» አለች ልጅቷ፣ የሳሙና አረፋ የያዘ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «እየው፣ ኮሌታህ በአንድ በኩል ወደ ላይ ወጥቷል። በል እንደገና።»

አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እሷ ሰሃን ልታጥብ ከወጣች ጀምሮ ከሸሚዙ ቁልፎች ጋር ሲታገል ቆይቶ፣ አሁን ሁሉንም ቆልፎ፣ ግንባሩን ላብ አጥምቆት ቀና ብሎ ያያታል። አንድ ነገር እንድትለው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እሷ ግን የታያት መጣመሙ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ በፈጣን ጣቶቿ ከላይ እስከ ታች ፈታታችው።

አባቷ የተከፈተ ደረቱን አየ። ከዚያ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና «ተይው» አለ። ቀኝ ጎኑን ያደከመው ስትሮክ ምላሱንም ስለያዘው ቃሉ ተጎትቶ ነው የወጣው።

«እንዴት ተይው? ሐኪሟ ያለችውን ረሳኸው?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እንዲጨብጣት የተሰጠችውን የስፖንጅ ኳስ ቀኑን ሙሉ አልነካትም፤ ምሳውንም የቀመሰው በስንት ልመና ነው።

ሐኪሟ ያለችው ደግሞ የሚያስቀልድ አልነበረም። «እጁ የሚሠራው አሁን ካለማመዳችሁት ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ እንዲሁ ይቀራል» ነበር ያለቻቸው። ስለዚህ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ አባቷን ቁም ስቅሉን ስታሳየው ከርማለች። እሱም ደህና ሲሆን «አለቃ» እያለ ያሾፍባታል። የሰፈሩን ግማሽ ያለበሰ ልብስ ሰፊ አባቷ በሰው እጅ ሲለብስ ማየት ያንገበግባታል፤ ችኮላዋ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

እናቷ ከምትሠራበት ላውንድሪ ስትመለስ ባሏን አየችና ወደ ልጇ ዞረች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሙዱ ጠፍቷል። ሸሚዙን አጣሞ ቆለፈ፣ ፈታሁለት፣ በቃ ተኛ። እኔ ምን አጠፋሁ አሁን?»

እናቷ ጫማዋን ማውለቋን አቆመች። «ቆለፈ? የቱን?»

«ሁሉንም። ግን አንዱን ቀዳዳ...»

«ሁሉንም? ብቻውን?»

«አዎ፣ ግን እማዬ...»

እናቷ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ እንዳለ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። «ትናንት እኮ ሁለቱን ቆልፎ እጁ ሲዝልበት አልቅሷል። አንቺ አልነበርሽም። ዛሬ ሁሉንም ቆልፎ ጠበቀሽና፣ ፈታሁለት ትይኛለሽ? ፈታሽበት ነው የሚባለው።»

የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት፣ «ለ» «በ» ሆነች፤ ቀኑን ሙሉ በአባቷ ስታማርርበት የነበረው ነገር ግን ተገልብጦ እሷው ላይ ወደቀ። ቀና ብሎ ሲያያት ምን ይጠብቅ እንደነበር ገባትና በጣም አፈረች።

በማግስቱ ጠዋት የክሊኒክ ቀጠሮ ነበራቸው። ሸሚዙን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች። ለታናሽ ወንድም ቢሆን ማሞገስ ቀላል ነበር፤ ለአባት ግን ምን እንደሚባል ማንም አስተምሯት አያውቅም።

«አባዬ፣ ትናንት... ጎሽ» አለች።

«ሕፃን... ነኝ?» አላት፣ ፊቱን ሳያዞር።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ማሞገሱን ተወችና ያየችውን ነገረችው።

«ሁሉንም ቆልፈህ ነበር። ላብህ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ለፍተህበት ነበር። እኔ ያንን ሳላይ ፈታሁብህ። ይቅርታ።»

አባቷ ቀስ ብሎ ዞረ። «ተጣሞ... ነበር።»

«ተጣሞም ቢሆን ቆልፈኸዋል።»

ግራ እጁን ለሸሚዙ ዘረጋ። እጅጌውን አስገባችለትና ወደ ኋላ አለች።

ቀኝ እጁ ግን አድሮ እንደ እንጨት ደርቋል። የላይኛውን ቁልፍ ከብዙ ትግል በኋላ አስገባ። ሁለተኛውን አስገባ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ እምቢ አሉ። ደግሞ ሞከረ፤ ቁልፉ እየሾለከ አስቸገረው፣ ክንዱም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትናንት የቻለው እጅ ዛሬ አልታዘዝ አለ፤ ደግሞ ይታዘዝ እንደሆነ ሐኪሟም አታውቅም። ያንን የተቆለፈ ሸሚዝ ያየ ሰው ደግሞ ከእሷ በቀር የለም።

«እውነት... ችዬው ነበር?» አለ አባቷ፣ እጁን እያየ።

«ችለኸው ነበር። እኔ አይቻለሁ።»

የግድግዳው ሰዓት ቀጠሮው መድረሱን ያሳያል። ጣቶቿ እየበሏት ነበር፤ እሷ ብትነካው ሸሚዙ አፍታ አይፈጅም። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ አቆላለፈቻቸው።

«የቀረውን ልቆልፍልህ?»

አባቷ አሰበ። «አይ» አለ፣ ቃሉን እየጎተተ። «እዚያ... ስንጠብቅ... እጨርሰዋለሁ።»

ልጅቷ በሩን ከፈተች። ውጭ ብርድ ነበር፤ ጎረቤቶቹም እሱ የሰፋላቸውን ኮት ለብሰው ወደ ሥራ እየወጡ ነው፤ ከደረቱ በታች የተከፈተ ሸሚዙን እያዩ ሰላም ይሉታል። በደከመው ጎኑ ገብታ ደገፈችው፣ ሸሚዙን ሳትሰበስብለት፣ ወደ ክሊኒኩ በእሱ እርምጃ መሄድ ጀመረች።