አስር አለቃውና ሰባቱ ተሳፋሪዎች

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ በጠራበት ሰሞን፣ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ጸጥ ብሎ ተኝቶ ነበር፤ በወዲያኛው ዳርቻ የአገረ ገዥው ግቢ፣ የፍርድ ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያና አዲሱ ትምህርት ቤት ይታያሉ፤ በወዲህኛው ዳርቻ ግን ከዓሣ አጥማጆች ቤቶች፣ ከመረብ ማስጫ እንጨቶችና ፀሐይ ከሰነጣጠቀው የጀልባ ማረፊያ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ለሁለቱም ዳርቻ ልጆች ነው ተብሎ በአዋጅ ተነግሯል፤ ውሃውን ከመካከል የሚያነሣ አዋጅ ግን ገና አልወጣም። ሐይቁን በእግር የሚዞር ሰው ማልዶ ቢነሣ እንኳ የሚደርሰው ትምህርት ካለቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የወዲህኛው ዳርቻ ልጅ ፊደል ልቁጠር ካለ በታንኳ ከመሻገር ሌላ መላ አልነበረውም።

ልጆቹን እኔ አሻግራለሁ ብለው የተነሡት ሰፈሩ አስር አለቃ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ጥይትና ቁስለኛ በታንኳ ሲያመላልሱ ኖረው አንድ ኒሻን፣ አንድ ከባድ የሱፍ ካፖርትና አንድ የማይበርድ የማዘዝ አመል ይዘው ተመልሰዋል፤ ካፖርቱን ከነኒሻኑ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት፣ አመሉን ግን የሚያስቀምጡበት አላገኙም። ዶሮዎቻቸውን ማታ ማታ የሚያስገቡት «ወደ ቀኝ ዙር!» እያሉ ነበር፤ ዶሮዎቹም፣ ጉድ ነው፣ ይታዘዟቸዋል። ሰው ግን እንደ ዶሮ አይደለም፤ ከሰውም ሁሉ ደግሞ የገዛ ልጃቸው።

ይህች ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ ነፋስ ባየለበት ቀትር፣ ታንኳው ተገልብጦ ሐይቁ አስቀርቶታል። ከዚያ ወዲህ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ አታውቅም፤ ወደ ሐይቁ የሚያየውን መስኮት ዘግታ ስፌቷን በጓሮ በር ብርሃን ትሰፋለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ፌንጣ ይሏታል። አስር አለቃው ከዚህ ዓለም የሚመኙት አንድ ነገር ቢኖር ይህችን የልጅ ልጃቸውን አንባቢ ሆና ማየት ነበር፤ እሳቸው የገዛ ስማቸው ተጽፎ ቢያገኙት እንኳ ከሌላ ሰው ስም አይለዩትም።

የሰፈሩ እናቶች ዓይን ሁሉ በልብስ ሰፊዋ ላይ ነበር፤ ሐይቁ ባሏን የወሰደባት ሴት፣ ልጇን በታንኳ ካሳፈረች እነሱም ያሳፍራሉ፤ እምቢ ካለችም የሁሉም እምቢ ነው። አስር አለቃው ስንት ቀን ደጅ ጠኗት። ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አኮረፉ፣ መልሰው ለመኑ። በመጨረሻ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና አለች።

«እሺ አባዬ። ግን ቁርጡን ልንገርዎ፤ ያቺ ታንኳ አንድ ቀን ከነልጆቹ ብትገለበጥ፣ ልጄ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ አትረግጥም። የጎረቤቶቼም ቃል ይኸው ነው፤ ተነጋግረናል።»

አስር አለቃውም ተስማሙ፤ ከመስማማት በቀር ምን ምርጫ ነበራቸው? በማግሥቱ ሰባት ልጆችን በዳርቻው አሰለፉና ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ቦታ ታንኳዋን ለልምምድ ሆን ብለው ይገለብጧት ጀመር። እናቶቹ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው በጣቶቻቸው መካከል ያያሉ፤ ልጆቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይተው አያውቁምና «አንድ ጊዜ! አሁንም አንድ ጊዜ!» እያሉ ይንጫጫሉ። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በታንኳ ላይ መቀመጫ ከእንጨቱ አይነሣም። ሁለተኛው፣ ታንኳ ከተገለበጠች እያንዳንዱ ልጅ በታንኳዋ ጀርባ ላይ እጁን ዘርግቶ በወዲያኛው ጎን ያለውን የጓደኛውን የእጅ አንጓ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ እንዲህ ከተያያዙ አንዱ ቢደክመው ሌላው ያቆየዋል። ልጆቹ ሰባት ስለሆኑ ፌንጣ ጓደኛ አጣች፤ ጓደኛዋ አያቷ ሆኑ።

ከመረብ ሠሪው መንታ ልጆች አንዱ፣ ጥያቄ የማያልቅበት፣ ንጉሥ ቢመጣስ አንነሣም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። ያ ዘመን የመነሣት ዘመን ነበርና፤ ሽማግሌ ሲያልፍ ይነሣል፣ ዳኛ ሲያልፍ ይነሣል፣ ለትልቅ ሰው ያልተነሣ ልጅ ባለጌ ተብሎ ወላጁ ይሰደብበታል፤ በማዶ ያሉት መምህርም ፊደል ከማስቆጠራቸው በፊት ያስተማሩት ብድግ ብሎ ማጎንበስን ነበር።

«ንጉሥ ቢመጣ ተቀመጡ፤» አሉ አስር አለቃው፤ «መልአክ ከሰማይ ቢወርድም ተቀመጡ።»

እንዲህም ሆኖ ልጆቹ በደኅና ይመላለሱ ጀመር። ፌንጣ በታንኳ ላይ ዝም ብላ መቀመጧ ለሰፈሩ ሁሉ ተአምር ሆነ፤ እናቷ መስኮቷን በጥቂቱ ከፈት አድርጋ ታንኳዋ ስትሄድና ስትመለስ ታይ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ለእሷ ግን ማንም አልነገራትም።

በዚያው ዓመት የስልክ ሽቦ ሐይቁን ዞሮ ወደ ወዲህኛው ዳርቻ ደረሰ። አገረ ገዥው የስልክ ቤቱን መርቀው ሊከፍቱ በትልቁ ጀልባ እንደሚሻገሩ ተነገረ፤ ትምህርት ቤቱም የወዲህኛውን ዳርቻ ልጆች ለአቀባበሉ እንዲደርሱ ቀደም አድርጎ ለቀቃቸው። አስር አለቃው የዚያን ቀን ካፖርታቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ ኒሻናቸውን በአመድ አሽተው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነበር የመጡት። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እሳቸው ግን ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ይቀዝፋሉ።

ሕዝቡ በማረፊያው ላይ ተሰብስቦ፣ ልብስ ሰፊዋም ከሁሉም ኋላ ቆማ ሳለ፣ እነ ፌንጣ ወደ ዳርቻው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የአገረ ገዥው ጀልባ ደረሰባቸው። ከፊት የቆመው አጋፋሪ ደረቱን ነፍቶ «ክቡር አገረ ገዥው ናቸው! ለክብራቸው ተነሡ!» ብሎ ጮኸ። ሰባቱ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ መንታዎቹ ሊነሡ ሲያኮበኩቡ አስር አለቃው አዩ።

«ተቀመጡ!» አሉ በጥርሳቸው መካከል፤ «ባላችሁበት አጎንብሱ።»

ልጆቹም ተቀምጠው አጎነበሱ። አጋፋሪው በድፍረታቸው ተናዶ አፉን ሊከፍት ሲል አገረ ገዥው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ዓይናቸው በሽማግሌው ደረት ላይ በተሰካው ኒሻን ላይ ወድቆ ነበር፤ እሳቸውም ያንኑ ጦርነት የዘመቱ ሰው ናቸው። ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ቀኝ እጃቸውን ወደ ቆባቸው አንሥተው ለአስር አለቃው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ።

አቤት የሰው ነገር! አስር አለቃው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለስንቱ መኮንን ተነሥተዋል፤ ለእሳቸው እጁን እስከ ቆቡ ያነሣ ግን እስከዚያች ቀን አልነበረም። ደስታው ከጭንቅላታቸው በፊት እግራቸው ላይ ደረሰ። ሰባት ልጆች ተቀምጠው ሲያዩ፣ ሕጉን ያወጡት ሰውዬ ብድግ አሉና ተረከዛቸውን አጋጭተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ታንኳዋ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዘመም አለችና ተገለበጠች።

ከማረፊያው የተነሣው ጩኸት ማዶ ድረስ ተሰማ ይባላል። ውሃው ውስጥ ግን የጮኸ አልነበረም። ትናንሽ ራሶች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ፤ ትናንሽ እጆች በታንኳዋ ጀርባ ላይ ተዘርግተው አንጓ ለአንጓ ተያያዙ። የፌንጣ እጅ ብቻ ባዶውን ቀረ። አያቷን ያ የሱፍ ካፖርት ውሃውን ጠጥቶ ወደ ታች እየጎተታቸው ነበር፤ ቆባቸው ተንሳፍፎ ይታያል፣ እሳቸው ግን የሉም። ከዚያ አንድ ሻካራ እጅ ከውሃው ወጣች፤ ፌንጣም በሁለት እጇ የአያቷን አንጓ አፈፍ አድርጋ ያዘችና፣ ከዚያን በፊት ማንንም አዝዛ የማታውቅ ልጅ፣ በአያቷ ድምፅ አዘዘች።

«አባባ፣ ካፖርቱን ያውልቁ!»

አስር አለቃው ለቅጽበት አመነቱ፤ ኒሻኑ ካፖርቱ ላይ ነውና። የያዘቻቸውን እጅ ሲያዩ ግን ቁልፎቹን በነጻ እጃቸው በጣጠሱ፤ ካፖርቱም ከነኒሻኑ ወደ ታች ወረደ። ሽማግሌው ቀልለው ብቅ አሉና ታንኳዋን ተደገፉ፤ ሲያስሉ ሲያስሉ ቆይተው መጀመሪያ ያደረጉት ልጆቹን መቁጠር ነበር።

የአገረ ገዥው ቀዛፊዎች ሁሉንም እየጎተቱ ወደ ትልቁ ጀልባ አወጧቸው። አጋፋሪው ይህ ሁሉ ንቀት የወለደው ነው እያለ ሲያጉረመርም፣ አገረ ገዥው ምን ሆናችሁ ተገለበጣችሁ ብለው ጠየቁ። ማዕበል ነው የሚለው ቃል የአስር አለቃው ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰባት ጥንድ ዓይኖች እያዩዋቸው ግን አልወጣ አላቸው።

«ክቡርነትዎ፣ ልጆቹ አንዳችም ጥፋት የለባቸውም። የተነሣሁት እኔ ነኝ።»

አገረ ገዥው ወደ ፌንጣ ዞሩ። «አንቺስ ለምን ሳትነሺ ቀረሽ?»

«አባባ በውሃ ላይ ለማንም እንዳንነሣ አዘውናል።»

«ለእኔም?»

ፌንጣ ጥቂት አሰበች። «ስለ እርስዎ አልነገሩንም። ግን ለመልአክም አትነሡ ስላሉን፣ እርስዎ ከመልአክ አይበልጡም ብለን ነው።»

የአጋፋሪው ቆሌ ተገፈፈ። አገረ ገዥው ግን ሳቃቸውን ለቀቁት፤ እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ፤ ጀልባውም በሳቃቸው ስለተወዛወዘ አጋፋሪው ራሱ ቶሎ ብሎ ተቀመጠ።

ወደ ማረፊያው ሲቃረቡ ግን አስር አለቃው የልጃቸውን ቃል አስታወሱ። የአገረ ገዥ ሳቅ የልብስ ሰፊዋን ቃል አይሽረውም። ልጃቸው ማረፊያው ላይ አልነበረችም፤ እስከ ደረቷ ሐይቁ ውስጥ ቆማ፣ መረብ ሠሪው ከኋላ በቀሚሷ ይዟት አገኟት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ውሃ ውስጥ የገባችው በዚያች ሰዓት ነበር። ጀልባው ላይ ያሉትን ልጆች ራስ ራሳቸውን እየዳሰሰች አየች፤ የገዛ ልጇ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ፈራሽ?»

«ጊዜ አልነበረኝም፤» አለች ፌንጣ፤ «አባባ ከብደውኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ስቃ ይሁን አልቅሳ ያልለየ ድምፅ አወጣች። አስር አለቃው አንገታቸውን ደፉ። ቃልሽ ቃል ነው፣ አልከራከርም ሊሉ ጀምረው ነበር፤ እሷ ቀደመቻቸው።

«አባቷ ብቻውን ነበር፤» አለች ቀስ ብላ፤ «እጁን የሚይዝለት አልነበረም። ስፈራው የኖርኩት ነገር ይኸው ደረሰ አባዬ፤ ሰባቱም ደግሞ ፊቴ ቆመዋል። ነገም ይሂዱ። እርስዎ ግን ሸሚዝ ብቻ ለብሰው ነው የሚቀዝፉት።»

የመንግሥት ነገር መቼም የታወቀ ነው፤ ከዚያ ቀን የተወለደው አዋጅ ታትሞ የወጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነበር። በስልክ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ስልከኛው ለሥራ ወደ ማዶ ተሻግሮ ስለነበር ሰፈርተኛው ወረቀቱን ከቦ ቢያይ ማኅተሙን እንጂ ሌላውን የሚያውቀው አልነበረም። ፌንጣን ጠሯት። በእግሮቿ ጣት ቆማ፣ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ እየጎተተች፣ እየተንተባተበች አነበበች፤ አገረ ገዥው በታላቅ ጥበባቸው አስተውለው፣ በጀልባም ሆነ በታንኳ በውሃ ላይ ያለ ሰው ለማንም ሹም እንዳይነሣ፣ ተቀምጦ እጅ እንዲነሣ ማዘዛቸውን ይናገራል። ሕዝቡ በአዋጁ ይሁን በንባቡ አላውቅም ጭብጨባውን አቀለጠው።

«ስለ እኔ የሚለው የለም?» አሉ አስር አለቃው ከኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ፌንጣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ጣቷ ማኅተሙ ላይ ደርሶ ነበር።

«አለ እንጂ አባባ። ‹ይህም የሆነው አስር አለቃ የሚባሉ ጀግና ታንኳ ቀዛፊ ሰባት ልጆችን አንድም ሳያጎድሉ ስለመለሱ ነው› ይላል።»

እናቷ ፊደል አታውቅም፤ የልጇ ጣት ከማኅተሙ ሳይነቃነቅ አፏ ብቻ ሲሄድ ግን አየች። አስር አለቃው እንደገና እንድታነብላቸው ለመኗት፤ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ረዘም ያለ ነበር፤ ካፖርቱንና ኒሻኑንም ጨመረ።

በሐይቁ ላይ ድልድይ ከተሠራ፣ ታንኳም ከቀረ ስንት ዘመን ሆነ። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ያን አገረ ገዥ ስለ አስተዋይነታቸው ያመሰግኗቸዋል፤ አዋጁም በመዝገብ ቤት በክብር ተቀምጧል፤ ስለ አንድ ታንኳ ቀዛፊ፣ ስለ ሰባት ልጆች፣ ውሃ ውስጥ ስለ ቆመች ልብስ ሰፊ አንዲት ቃል አይገኝበትም። አንድ የታሪክ ተመራማሪ በኋላ ዘመን የአዋጁን ግልባጭ ይዞ ወደ ወዲህኛው ዳርቻ ሄዶ ነበር ይባላል፤ አስር አለቃ የሚባል ስም በአዋጁ ውስጥ እንደሌለ ለሽማግሌዎቹ መስመር በመስመር አነበበላቸው። በትዕግሥት አዳመጡት፤ ሲጨርስም የእርሱ ወረቀት የጎደለ ሳይሆን እንዳልቀረ ነግረው፣ ሲነበብ በጆሯቸው የሰሙ ሰዎች እንዴት እንደነገሯቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ያወሩለት ጀመር።