ጥቁር ካልሲ የተንጠለጠለበት በር

መርማሪው ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ እንዳስገባ ስልኩ ጮኸ። እሑድ ነበር። ሐይቁ ዳር የሚሰፍሩትን ወፎች አነሳለሁ ብሎ ከተነሳ ስንት እሑድ አለፈ። አንዱን ዝናብ በላው፣ አንዱን ስብሰባ፣ አንዱን የሰፈር ሌባ። የተከለው ቲማቲም ውኃ ጠምቶት ደርቋል። የገዛው ጊታር ከግድግዳ ወርዶ አያውቅም። ፎቶግራፍን ግን ከልቡ ይዞታል፣ ቢያስይዙት። ሚስቱ ከመኝታ ቤት ሆና፣ «አንሣው እንጂ፣ ወፎቹ እንደሆነ ለምደውታል» አለችው።

ደዋዩ አለቃው ነበር። «አንድ የጥርስ ሐኪም ትናንት ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል። ገዳዩ ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ይዘነዋል። ሂድና ምርመራውን ዝጋልኝ።»

«ገዳዩ ከታወቀ እኔ ምን ላደርግ ነው?»

«ሟቹ እንዳንተ የፎቶ ዕብድ ነበር። ክፍሉ ጠርሙስ በጠርሙስ ነው፣ የኛ ፖሊሶች ምኑም አልገባቸውም። ማታ ወንድሙን ለዐቃቤ ሕግ አስረክባለሁ፣ እንዳታንዛዛው።»

መርማሪው ሁለተኛውን ጫማ እየተነጫነጨ አጠለቀ። ካሜራውን ግን ከአንገቱ አላወረደም፤ ምናልባት ቶሎ ካለቀ ብሎ ነው፣ ሞኝ።

የሟቹ ቤት በር ላይ የቆመው የፖሊስ መኪና ውስጥ እጁ በካቴና የታሰረ ወጣት ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሰዓት በሰዓት ነው፤ በየግድግዳው፣ በየመደርደሪያው ቀጭ ቀጭ ይላል። የሟቹ ባለቤት ዓይኗ አብጦ ተቀበለችው። የሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት።

«ይሄን ሁሉ ሰዓት የሚጠግነው እሱ ነው» አለች። «ጽጌረዳም ይተክል ነበር፣ ቼዝም ይጫወት ነበር። ሁሉን ይጀምርና ይተወዋል። ፎቶን ግን ሙጭጭ አለ። የዚህን ከተማ ውሻ ሁሉ አንስቷል፤ እኔን ግን አንድ ቀን አላነሳኝም። አንሳኝ ስለው፣ ትዘጋጂና ሌላ ሰው ትሆኛለሽ ይለኛል።»

ጨለማው ክፍል ከሳሎኑ በስተኋላ ነው። የጓሮው በር በዚያው በኩል ስለሚያስገባ፣ በዚያ የመጣ ሰው በሳሎን ማለፍ አያስፈልገውም። መስኮቱ በጥቁር ጣውላ ተደፍኗል። ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ አለው። ሟቹ የተገኘው ከሲሚንቶው ገንዳ ሥር፣ ጭንቅላቱ በገንዳው ጠርዝ ተመትቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፊልም ከቆርቆሮ መያዣው ተመዝዞ ተዘርግቷል። መርማሪው ፊልሙን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ፤ የፊልም ዋጋ ዛሬ የት ደርሶ።

የበሩ እጀታ ላይ ጥቁር ካልሲ ተንጠልጥሏል። ከበሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ደግሞ ነጭ ካልሲ አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቤቱ ደንብ ነዋ። ነጩ ከተሰቀለ ወረቀት እያጠበ ነው፤ ቀዩ መብራት ይበራል፣ አንኳኩቼ፣ ግቢ ሲለኝ እገባለሁ። ጥቁሩ ከተሰቀለ ፊልም ነው፤ ድፍን ጨለማ መሆን አለበት። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይከፈትም። የፎቶ ማኅበራቸው ሰዎች እዚህ ሲሰበሰቡ ይሄንኑ ነግሬያቸው ሲስቁብን ነበር።»

«ትናንት ጥቁሩ ነበር?»

«ጥቁሩ። ከሥራ ገብቼ ምሳ አቀረብኩ፣ አልመጣም። በሩ ላይ ቆሜ፣ እዚያው ከፊልምህ ጋር ኑር ብዬው ተመለስኩ። ሊመሽ ሲል ንድድ አለኝና በረገድኩት።»

«ሲከፍቱት ቀዩ መብራት በርቶ ነበር ወይስ እርስዎ አበሩት?»

«በርቶ ነበር። እኔ ወደ እሱ ነው የሮጥኩት፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አልነካሁም።»

መርማሪው አንገቱን ወደ ላይ አቀና። ከበሩ በላይ ያለችው ሰዓት ቆማለች። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ የሌላት እሷ ብቻ ናት።

«ያቺማ ከሰሞኑ ነው የቆመችው። አስተካክላት ስለው፣ አሁን እንዳትነኪያት አለኝ።»

መርማሪው ወጥቶ መኪናው ውስጥ ካለው ወጣት አጠገብ ተቀመጠ።

«ትናንት ጠዋት ከወንድምህ ጋር ምን ተባባላችሁ?»

«ሰርጌ ደርሷል፣ ጌታዬ። እንግዲህ ሚስቴን የማስገባበት ክፍል የለኝም። ጋሼ ያንን ክፍል ልቀቅልኝ አልኩት፣ እምቢ አለ። እኔም ተናድጄ፣ አፈርሰዋለሁ ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቷል። ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ አውቶቡስ ነው የምነዳው።»

«የካልሲውን ነገር ታውቃለህ?»

«ልጅ ሆኜ ጥቁሩ ተሰቅሎ ሳለ ከፍቼ ገባሁ። ፊልሙ ላይ የእናታችን የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ነበሩ፣ ሁሉም ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ካልሲ እግሬ ላይ እንኳ አላደርግም። አሁን እኔን ገዳይ ነህ ሲሉኝ... ጋሼን እኮ ገና አልቀበርኩትም።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ጨረስክ?» አለ አለቃው።

«ገና ነኝ።»

«ምኑ ነው ገና?»

መርማሪው ስልኩን ዘጋው። ፀሐይዋ ለወፍ ፎቶ የምትመቸውን ብርሃን ጨርሳ አናት ላይ ወጥታለች። እርር ብሎ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

ሳሎን ውስጥ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሁለት የማኅበሩ አባላት ተቀምጠዋል። አንዷ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጣቶቿ በመድኃኒት በልዘዋል።

«ትናንት ጠዋት መጥቼ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ተበድሬው ነበር» አለች። «ከማኅበሩ ልወጣ ነው አለኝ። ለምን ስለው አይናገርም። ጽጌረዳውን ተውክ፣ ቼዙን ተውክ፣ አሁን ደግሞ እኛን፤ አንተ መቼ ነው አንድ ነገር የምትጨርሰው ብዬ ዘልፌው ሄድኩ። በቃ፣ የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።»

«እርስዎም ፊልም ያጥባሉ?»

«ክፍል የለኝ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቼ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቤበት፣ ድፍን ጨለማ አድርጌ ፊልሙን እጠቀልላለሁ። ልጆቼ አበደች ይሉኛል።»

ሌላኛው የማኅበሩ ሰብሳቢ ነው፤ የመድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ሱፉ ያልተጨማደደ ሰው። ኀዘን ላይ ሆኖም ነገ የሚከፈተውን የፎቶ ኤግዚቢሽን የመጥሪያ ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ካርዱ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላውን ለውሻ የያዘ ሽማግሌ ይታያል። ከሥሩ የሰብሳቢው ስም አለ።

«ግሩም ፎቶ ነው» አለ መርማሪው። ከልቡ ነው ያለው፤ ትንሽም ቀንቷል።

«በፊልም ነው ያነሳሁት፣ ያጠብኩትም በገዛ እጄ ነው። ያሁን ሰው በስልክ ጠቅ ያደርግና ፎቶ አንሺ ነኝ ይላል። እኔ ቀይ መብራቴ ሥር እቀመጥና ፊልሙን ከቆርቆሮው መዝዤ ስጠቀልል ዓለምን እረሳለሁ።»

«ታድለዋል። ሟቹስ እንዴት ነበር?»

«ነፍሱን ይማረውና ቅናት ነበረበት። እንዲህ ዓይነት ፎቶ አልሆንልህ ብሎት ነበር።»

«ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«አዳራሽ፣ ፎቶ ስሰቅል። ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተው ስለነበር ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«ለመዝገቡ ነው» አለ መርማሪው። ከዚያ ወንበር አምጥቶ ከቆመችው ሰዓት ሥር አስቀምጦ ወጣበት፣ ከፈታት፣ ውስጧን ዳበሰ፣ መልሶ ዘጋት። ሲወርድ ፊቱ እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

አለቃው ከሰዓት በኋላ እየተቆጣ መጣ። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው፤ ወጣቱንም ከመኪናው አስወርዶ ከወንድሙ ሚስት አጠገብ አስቀመጠው። እሷም ዞር አላለችም፣ የታሰረ እጁን ያዘች።

«ከካልሲው ልጀምር» አለ መርማሪው። «ጥቁሩ ተሰቅሏል። ውስጥ ግን ቀዩ መብራት በርቷል፣ ጠረጴዛው ላይም ፊልም ተመዝዟል። ወረቀት ቀይ መብራት ይችላል፤ ፊልም ግን ቅንጣት ብርሃን ካየ አለቀለት። ሟቹ ይሄን ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ካልሲውን የሰቀለውም፣ ፊልሙን የመዘዘውም ሌላ ሰው ነው። ሐኪሙ ሲሠራ አዳልጦት የወደቀ እንዲመስል፣ ማንም ቶሎ እንዳይገባም።»

«ታዲያ ወንድሙ አያደርገውም?» አለ አለቃው።

«የእናቱን ፎቶ በዚሁ ያጣ ልጅ? እሱ ቢሆን ወይ ነጩን ይሰቅል ነበር፣ ወይ ሲወጣ መብራቱን ያጠፋ ነበር። ባለቤቱም ደንቡን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። መምህሯ ለፊልም ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ የምትገባ ሴት ናት። የቀረው፣ ጥቁር ካልሲ ሰው እንደማያስገባ የሰማ፣ ለምን እንደማያስገባ ግን ያልገባው ሰው ነው።» ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «እርስዎ ቀይ መብራት ሥር ፊልም መዝዘው እንደሚጠቀልሉ ነገሩኝ።»

ሰብሳቢው ሳቅ ለማለት ሞከረ። «የአፍ ወለምታ ነው...»

«ፊልም አጥቦ የሚያውቅ ሰው ይሄን አይስተውም» አለች መምህሯ ቀስ ብላ። «እና ያ ፎቶ የማን ነው?»

መርማሪው ከሰዓቷ ውስጥ ያወጣውን የታጠበ የፊልም ቁራጭ፣ ኔጋቲቩን፣ ወደ መስኮቱ አነሳው። «ሟቹ የሰዓት ነገር ስለሚያውቅ ሰው የማይፈልግበት ቦታ ሸሸገው። ሽማግሌውም ውሻውም እዚህ አሉ። ሐኪሙ ፎቶውን ለኤግዚቢሽን ሰጠ፤ ካርዱ ሲወጣ በሰብሳቢው ስም ሆነ። ሳያዋርደው በግል ሊጨርሰው ፈልጎ ነው ለማንም ያልተናገረው።»

«ኔጋቲቭ የማንም ሊሆን ይችላል» አለ ሰብሳቢው።

የሟቹ ባለቤት ተነስታ ኔጋቲቩን ከመርማሪው እጅ ወሰደች። ረጅም ጊዜ አየችው። «ከውሻው ፎቶ በፊት ባለው ላይ ያለችው ማን ናት? ቦርሳ ጭንቅላቷ ላይ ያደረገችው?» አለች። ከዚያ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝናብ ሲመታን፣ ና እንሂድ ብዬ ስጮህበት ነው። ካሜራውን ወደ እኔ ሲያዞር አላየሁም።»

«እንግዲያ ፊልሙ የባልሽ ነው» አለች መምህሯ።

«አልገደልኩትም» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። «ነገ ሚኒስትሩ የሚመጡበት ዝግጅት ነው። ፎቶውን አውርድ፣ ካለዚያ ኔጋቲቩን ለሁሉም አሳያለሁ አለኝ። ስጠኝ ብዬ ታገልኩት፣ ገፋሁት፣ ወደቀ። አንድ ግፊት ናት። የሞተ መስሎኝ ነው።»

«አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ቶሎ አልሞተም ብለዋል» አለ መርማሪው፣ ድምፁም እንደ መቆጣት ሆነ። «ገፍተውት ብቻ ቢወጡ ኖሮ፣ ምሳ አቅርባ ትከፍትና ታገኘው ነበር። ነርስ እኮ ናት። የገደለው ግፊቱ ሳይሆን ካልሲው ነው።»

አለቃው ካቴናውን ከወጣቱ እጅ ፈትቶ ለሰብሳቢው አደረገለት። ወጣቱ እጁን እያሻሸ፣ «እትዬ፣ አንቺ ምን ታውቂ ነበር» አላት። እሷ ግን ትናንት ጥቁሩ ካልሲ ፊት ቆማ፣ እዚያው ከፊልምህ ጋር ኑር ያለችውን እያሰበች ነበር።

መርማሪው ሊወጣ ሲል ጠራችው። «ይሄን ፎቶዬን ወረቀት ላይ የሚያጥብልኝ ሰው አላውቅም። ከእሱ ሌላ።»

መርማሪው ወፎቹን አሰበ፣ በሆዱም ተራገመ። «የሚመጣው እሑድ» አላት።

እሑድ መጣ፤ ሰማዩም ከዓመት አንዴ የሚገኝ ጥርት ያለ ነበር፣ ለወፍ ነው የተሠራው። መርማሪው ጥቁር ጣውላ የተደፈነበት ክፍል ውስጥ ተዘግቶ፣ ቀዩን መብራት አብርቶ ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከረ። መጀመሪያ ቦርሳው ወጣ፣ ከዚያ የምትጮህ አፍ፣ ከዚያ ዓይን። ያልተዘጋጀች፣ የተበሳጨች፣ በዝናብ የራሰች ሴት። ሰውየው እንዴት አድርጎ እንዳያት መርማሪው ገባው። የገዛ ሚስቱን መቼ እንዳነሳት ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው።

ውጭ ሴትዮዋ ጥቁሩን ካልሲ ወርውራዋለች። ነጩን በገዛ እጇ እጀታው ላይ ሰቅላ ቆማ ነበር። በሩን አንኳኳች።

«ልግባ?»

«ይግቡ» አለ መርማሪው።