ታላቅዎን ይጠብቁ

ሩቂያ ዩሱፍ ላለፉት ስድስት ዓመታት ሐሙስ ሐሙስ የሞተ ሰው እጅ ስትለብስ ኖራ፣ በዚያን ሐሙስ ጠዋት ጓንቷን ስታጠልቅ ውስጡ ማንም አልነበረም።

«ሰውዬው የለም» አለች።

«የትኛው ሰውዬ?» አሉ የሙዚየሙ ኃላፊ አቶ ምንውየለት፣ የራሳቸውን ጓንት እስከ ትከሻቸው እየጎተቱ።

«የኛው ነዋ፣ ሟቹ!»

ሟቹ ጋሽ ፍሬሰንበት የሚባሉ ዕቃ ጠጋኝ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ እጃቸው ተቀድቶ ስለነበር፣ ከሞቱ በኋላ በአገሪቱ አርባ ሁለት ሙዚየሞች በአንድ ጊዜ ሥራ ይገቡ ነበር፤ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። መሣሪያው ልምደ ጓንት ይባላል። ከጣት ጫፍ እስከ ትከሻ የሚደርስ ግራጫ እጅጌ ሲሆን የባለሙያን እጅ እንቅስቃሴ በለባሹ እጅ ላይ ይደግማል። ለብሰኸው ማሰሮ ስታነሳ የምታነሳው አንተ አይደለህም፣ ጋሽ ፍሬሰንበት ናቸው። ሩቂያ ከመልመዷ የተነሳ ቀኝ አውራ ጣታቸውን ቁርጥማት ይዟቸው እንደነበር ሁሉ ታውቃለች። ሦስተኛው ትምህርት የተቀዳው በክረምት ሳይሆን አይቀርም፣ እዚያ ላይ ይብስባቸዋል።

«ከዛሬ ጀምሮ ሙታን ያርፋሉ» አሉ አቶ ምንውየለት፣ ሙዚየሞቹን ከሚያስተዳድረው ማዕከል የመጣውን ደብዳቤ በቃላቸው ይዘውት። «ትስስር ይባላል። የሠራተኛውም የበጎ ፈቃደኛውም ጓንት አገር ላገር ይገናኛል። ከመካከላችን አብልጦ የሚያውቀው ታላቅ ተብሎ ይመራል፣ የሌሎቻችን እጅ ይከተላል። ሥልጠናም ነው፣ ትውውቅም ነው።»

«ምሳ አለው?»

«ምሳ የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ትውውቅ ሆነ አቦ!»

አቶ ምንውየለት አልሳቁም። ከጎጃም ድሬዳዋ ከመጡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ እስካሁን የሙዚየሙን ድመት ሳይቀር አንቱ ይላሉ። ሩቂያ በበኩሏ የከተማው ልጅ ናት፤ ከንቲባውንም አንተ ትላለች። እንዲህም ሆነው ተዋደው ኖረዋል።

ያን ቀን ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር ያለችው ሙዚየማቸው የምታሳየው ተራ የቤት ዕቃ ነው፦ ፔርሙዝ፣ ባለ አንቴና ሬዲዮ፣ የሸክላ ድስት፣ የብርጭቆ ጆግ። ሰው ሻዩን ጠጥቶ ብርጭቆውን እንደ ብስኩት ቆርጥሞ በሚሄድበት ዘመን የሚሰበር ነገር ብርቅ ሆኗልና ጎብኚ አይጠፋም። ችግሩ የእጅ ፈቃድ የሚባለው ነው። በማዕከሉ ደንብ መሠረት ፈቃዱ ያለው ቢያንስ አንድ ሰው የሌለበት ሙዚየም ዕቃውን ለማዕከላዊው መጋዘን አስረክቦ በብርሃን የተሠራ ምስሉን ይቀበላል። ድሬዎች ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። አንድ ጊዜ ሩቂያ ድስቱን ለአቶ ምንውየለት ስታቀብል እንደ ጨዋ ደንብ ግራ እጇን ከቀኝ ክርኗ ሥር ደገፍ ስላደረገች፣ ማሽኑ «ግራ እጅ ሥራ ፈቷል» ብሎ ጣላት። በሁለተኛው ጊዜ አቶ ምንውየለት ከሌላ ተፈታኝ ጋር «ይቅደሙ» «ኧረ ይቅደሙ» ሲባባሉ ሰዓት አለፈባቸው። ዛሬ ሥልጠናው ራሱ እንደ ፈተና ይቆጠራል፤ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። ዕቃውን የሚወስደው መኪና ለቅዳሜ ተቀጥሯል።

መኪናው ከሚጭነው ውስጥ ስድስት ደርዘን የሩቂያ ብርጭቆዎች አሉበት። ሠላሳ ዓመት የሠርግ ዕቃ አከራይ ነበረች። የሚበላው ብርጭቆ መጥቶ ሥራዋን ሲዘጋው የተረፋትን ለሙዚየሙ ሰጠች፤ ከዚያ ዕቃዋን ተከትላ በበጎ ፈቃደኝነት ገባች። ሰው ዕድሩን እንደሚከታተል ነው የምትከታተላቸው።

በሦስት ሰዓት ግድግዳው በርቶ አርባ ሁለት መስኮት ሆነ። በየመስኮቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ሰው፤ ጠቅላላ መቶ ሰባ። ከማዕከሉ ዶክተር ወይንእሸት፣ ስማቸው ሲጠራ ሰው ወንበሩን የሚያስተካክልላቸው ሴትዮ፣ ሰላምታ ሰጥተው ወደ ሥራው ገቡ።

«መጀመሪያ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ፣ ከዕቃዎቻችሁ ለመያዝ የሚያስቸግረውን አንሱ። እደረታችሁ ላይ ሲደርስ ጓንቱ ይይዛችኋል። ከዚያ አዋቂው ይመራና አብራችሁ ታስቀምጣላችሁ።»

ሩቂያ ጆጉን አነሳች። አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ስሱ ብርጭቆ ነው። አጠገቧ አቶ ምንውየለት የሸክላውን ድስት ያዙ። የደብረ ብርሃኗ እማሆይ ወለተ ማርያም ያረጀ ብራና አነሱ። የጂማው ነዚፍ አንድ ትልቅ የሸክላ ገንቦ አቀፈ። ጓንቶቹ ቀጭ አሉ፤ ጣቶች ተቆለፉ።

ከዚያ መቶ ሰባ ጓንት በአንድ ለስላሳ ድምፅ፦ «እባክዎ ታላቅዎን ይጠብቁ።»

ጠበቁ።

«እባክዎ ታላቅዎን ይጠብቁ።»

አምስት ደቂቃ ሞላ። የራሳቸውም ጣቶች በአንድ ጥንታዊ ጽዋ ላይ የተቆለፉባቸው ዶክተር ወይንእሸት፣ መዝገቡ በድምፅ እንዲነበብላቸው አዘዙ። ስህተቱ የታወቀው ያኔ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁሉም ሰው ቅጽ ሞልቶ ነበር፤ «የሙያ ደረጃዎ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ትስስሩ የሰውን ቃል እንዲያምን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የተነገረውን እንዳለ ይወስዳል። እማሆይ፣ አርባ ዓመት ብራና የጠገኑት፣ «ገና ነኝ» ብለዋል። ቤተሰቡ አራት ትውልድ ሸክላ የሠራው ነዚፍ፣ «ሲሠሩ አይቻለሁ»። አቶ ምንውየለት፣ «ትንሽ ትንሽ»። ሩቂያ፣ «የለም»።

«ዶክተር ወይንእሸት» አለ መዝገቡ በመጨረሻ፣ «በመማር ላይ።»

አገር ምድሩ ጀማሪ ነበር። ትስስሩም ታላቅ ሲፈልግ አጥቶ፣ በጨዋ ደንብ ቆሞ እየጠበቀ ነው።

«ችግር የለም» አሉ ዶክተር ወይንእሸት፣ ላብ በግንባራቸው። «አንድ ሰው አውቃለሁ ካለ ይበቃል፤ ትስስሩ ይሰማል።»

«ታዲያ እርስዎ ይበሉዋ!» አለ አንዱ።

«እኔ... በርግጥ በሙያው ጥቂት ቆይቻለሁ... አውቃለሁ ለማለት እንኳን...»

«ጀማሪ» አለ ትስስሩ።

«እማሆይ፣ እርስዎ ይበሉ።»

«እኔ ምናምንቴዋ! ኧረ ልጄ፣ የጂማው ይበል፤ የአባቱ ሙያ ነው።»

«አባቴ ቢሆን ኖሮ እሺ» አለ ነዚፍ። «እኔማ ምኑን አውቄው?»

«ጀማሪ። ጀማሪ።»

ነዚፍ ክንዱ ዝሎ ኖሮ ገንቦውን መሬት ለማሳረፍ ጉልበቱን አጠፈ። ጓንቱ ያልተፈቀደ እንቅስቃሴ ሲያይ ዕቃው የሚያመልጥ ይመስለዋልና ጣቶቹን ጠበቅ አደረገ። ከጂማ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። የገንቦው ጆሮ ላይ ስንጥቅ። ነዚፍ ባለበት፣ ግማሽ ቁጭ ግማሽ ቁም ሆኖ ቀረ።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» ጮኹ ዶክተሯ። «የአደጋ መክፈቻም አትጠቀሙ። ጣቶቹን በአንዴ ይበትናቸዋል፤ ሁሉም ይወድቃል።»

«ሰው ይግባና ከሥር ይያዝልን» አለ አንዱ።

በሮቹ ግን አየር እንዳይገባ ሥልጠናው እስኪያልቅ ታሽገዋል። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ጓንት ለብሷል፤ ማዕከሉ ማንም ከሥልጠና እንዳይቀር ብሎ ነበር።

ዶክተሯ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እውነቱን ልንገራችሁ። ጽዋ በእጄ ካስቀመጥኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ስብሰባ ነው የምመራው። አሁን የሚመራው ሰው ከሳተ የመቶ ሰባ ሰው እጅ አብሮት ይስታል። ይህን የምሸከመው እኔ መሆን የለብኝም። የሚችል ሰው ካለ...»

ከመቶ ሰባ ሰው ግማሹ ጣራውን ያይ ነበር።

ሩቂያ ጆጉን ታያለች። ጆጉ ውስጥ መስኮቱ ይታያል፤ መስኮቱ ውስጥ ዛፉ። የሳቢያን ሰፈርን ሠርጎች አሰበች፦ ሺህ ሰው እየጨፈረ፣ አንዱ የሙሽራው ጓደኛ ክርኑን እየወረወረ፣ እሷ በመካከላቸው ሃያ አራት ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ። «የለም» ብላ ቅጹን ስትሞላ ይህን ሁሉ ረስታው አልነበረም። ሙያ የሚባለው ወረቀት ያለው ነገር መስሏት ነው።

«ወይዘሮ ሩቂያ» አሉ አቶ ምንውየለት በሹክሹክታ፣ ድስቱን እንደታቀፉ። «እርስዎ እኮ...»

«ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው።»

«እሺ።»

ቀና አለች።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ሩቂያ።

አርባ አንድ መስኮት ወደ ድሬዳዋ ዞረ።

«ደረጃዎን ይግለጹ» አለ ትስስሩ።

«ሠላሳ ዓመት የሠርግ ብርጭቆ አከራይቻለሁ። በጭፈራ መሃል፣ በዝናብ፣ በጠብ መሃል ተሸክሜ አስቀምጫለሁ። የሚሰበር ነገር ማስቀመጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር፤ ከሌለ አቦ ክንዴ አለቀ፣ ተከተሉኝ!»

ትንሽ ቆይቶ ጓንቱ ውስጥ አንድ ነገር ላላ።

«ታላቅ ተገኝተዋል» አለ ለስላሳው ድምፅ። «ይምሩ።»

ያኔ መጣባት። ጆጉ ብቻ አልነበረም አሁን የያዘችው። የእማሆይን ብራና ቅለት፣ እንደ ደረቅ ቅጠል፣ በጣቷ አወቀችው። የነዚፍ ገንቦ ክብደት ትከሻዋ ላይ ወረደ፤ የተሰነጠቀው ጆሮ የት ጋ እንደላላ ሁሉ ተሰማት። የዶክተሯ ጽዋ ቀዝቃዛ ነበር። መቶ ሰባ ዕቃ፣ መቶ ሰባ ፍርሃት፣ ሁሉም በሁለት እጇ።

«ስሙ» አለች። «መጀመሪያ ትንሿ ጣት ትውረድ። ጠረጴዛውን ትንሿ ጣት ትንካው፤ ዕቃው ጣቷ ላይ ይተኛ። ከዚያ ሌሎቹ ይመጣሉ። በመጨረሻ ትንሿን እንደ ሌባ ሹልክ አድርጉ። ገንቦ የያዝክ የጂማው፣ ጆሮውን ተወው፣ በሆዱ ተሸከመው። እኔ ይዤልሃለሁ።»

እጇ ወረደ። በጎንደር፣ በጂንካ፣ በነቀምት፣ በጅግጅጋ አብሯት ወረደ። ማሰሮው፣ ብራናው፣ ከበሮው፣ ሬዲዮው ሁሉ በትንሽ ጣት ላይ ተኛ፤ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ። መቶ ሰባ ዕቃ አንድ ላይ ሲቀመጥ የተሰማ ድምፅ አልነበረም።

ጓንቶቹ ተከፈቱ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም እጁን ከዕቃው ላይ ለማንሳት አልደፈረም። ከዚያ ከደብረ ብርሃን አንድ ቀጭን እልልታ ተነሳ፤ እማሆይ ናቸው። ጂማ ተቀበለች፣ ሐረር ጨመረች፣ ግድግዳው በሙሉ ጭብጨባ ሆነ። ነዚፍ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይስቃል።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ ዶክተር ወይንእሸት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ትስስሩ የተከተለው እጅ የእጅ ፈቃድ አለው። ወይዘሮ ሩቂያ፣ የድሬዳዋ ዕቃ ድሬዳዋ ይቀመጣል።»

አቶ ምንውየለት ለመኪናው ኃላፊ ወዲያው ደወሉ። በትሕትና ጀምረው ነበር፤ መካከል ላይ ግን «ባዶውን ይመለስ አልኩ እኮ!» ብለው ጮኹ። ዘግተው ወደ ሩቂያ ዞሩና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሩቂያ» አሉ። «አንቺ...» ሌላ አልጨመሩም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድን ሰው አንቺ ሲሉ የመጀመሪያቸው ስለነበር፣ ድካሙ ይበቃቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ሩቂያ ብርጭቆዎቿን እየወለወለች ሳለ ዶክተር ወይንእሸት ለብቻዋ ደወሉላት። ጓንቶቹ የእያንዳንዱን እጅ እርጋታ ይመዘግቡ ኖሯል፤ ዘገባውም ደርሷል።

«ሁላችንም ስንጠብቅ በነበረበት ጊዜ» አሉ ዶክተሯ፣ «ዘጠና ሦስት እጅ እንደ ድንጋይ የጸና ነበር። ዘጠና ሦስት! የእማሆይም፣ የነዚፍም። ይገርምዎታል፣ የእኔም አለበት። አንዱም አፉን አልከፈተም።»

«አየሽ!» አለች ሩቂያ።

«ሌላም አለ። ከመቶ ሰባው አብልጦ ይንቀጠቀጥ የነበረው አንድ እጅ ነው።» ትንሽ አቅማሙ። «የእርስዎ ነው። መሐንዲሶቹ ደንግጠዋል። በሚቀጥለው ማሻሻያ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዳይመራ የሚከለክል ደንብ ጽፈው አምጥተውልኛል፤ ፊርማዬን እየጠበቁ ነው። ልጠይቅዎት ብዬ ነው። እንዲያ እየተንቀጠቀጡ እንዴት አውቃለሁ አሉ?»

ሩቂያ የያዘችውን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ንጹሕ ነበር።

«ልጄ» አለች፣ «በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሳልንቀጠቀጥ ትሪ አንስቼ አላውቅም። ብዙ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፣ እጃቸው የጸና ጎረምሶች ነበሩ። ብርጭቆዬን የሰበሩት እነሱ ናቸው። እጄ የሚንቀጠቀጠው እኮ ምን እንደያዘ ስለሚያውቅ ነው።»

በወዲያኛው ጫፍ ወረቀት ሲቀደድ ተሰማ፤ ቀስ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች።