የሟቹ ፖስታ ቤት

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አንገቱ ላይ የኔትወርክ ገመድ ተጠምጥሟል፤ ከፊቱ ያለው ኮምፒውተር «ቋንቋ ይምረጡ» እያለ መልስ ይጠብቃል። መርማሪዋ አንድ ቦታ መቆም አልሆነላትም። ፖሊሶቹ ኮምፒውተሩን የምትሠራለትን ወጣት ቴክኒሻን በካቴና አስረው ለመሄድ ቸኩለዋል፤ የመርማሪዋ ልብ ግን አልተቀበለውም። ልብ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

«ገመዱ ያንቺ ነው?» ስትል ቴክኒሻኗን ጠየቀቻት።

«የእኔ ነው። ጠዋት እዚሁ ትቼው ዲስክ ልገዛ ወጣሁ። ከምሳ በኋላ ስመለስ ነው እንዲህ ያገኘኋቸው» አለች ልጅቷ።

«ምን እየሠራችሁ ነበር?»

«ጋሼ ኢሜይላቸውን በራሳቸው ማሽን ሊያደርጉ ነበር። ‹ሰው ደብዳቤዬን ያነብብኛል› ይሉ ነበር።»

የሟቹ ሚስት ከጥግ ሆና ጣልቃ ገባች። «የአባቱ ቤት ሲሸጥ ‹በኢሜይል ተስማምተሃል› ተባለ፤ እሱ አልጻፍኩም ይላል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እህቴ፣ የኢሜይል ፕሮግራም ለመምረጥ ያመነታውን ያህል እኔን ሲያገባ እንኳ አላመነታም! አንዱ ፕሮግራም ሁሉን ጠቅልሎ የያዘ ነው፤ ሌላው መላኪያው ለብቻ፣ ማስቀመጫው ለብቻ፣ ቆሻሻ ማጣሪያው ለብቻ። ዛሬ ይጭናል፣ ነገ ያጠፋል። ለሰው ግን ‹ፖስታ ቤቴን ከፈትኩ› እያለ ጉራውን ይነዛል። ዛሬም ወደ ሥራ ስወጣ እሱና ልጅቷ ማሽኑን ሙልጭ አድርገው ሲያጠፉት ስቄበት ነው የሄድኩት።»

መርማሪዋ ሳሎን ውስጥ የሚንጎራደደውን የሟቹን ታናሽ ወንድም ጠራችው።

«እኔ ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም» አለ። «እኩለ ቀን ላይ ‹ልጅቷ ተመልሳለች፣ እየተጨቃጨቅን ነው› ብሎ ጻፈልኝ።»

«በየትኛው አድራሻ?»

«በአዲሱ ነዋ፣ በራሱ። አሮጌውንማ ትናንት ዘግቶታል።»

«እስቲ ልየው።»

«አንብቤ አጠፋሁት።»

«አሮጌውን ማን ነበር የከፈተላቸው?»

«እኔ ነኛ። እሱ ያኔ ምን ያውቃል?»

አስከሬኑ ሲነሳ መርማሪዋ ሦስቱንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸውና ወደ ወንድምየው ዞረች።

«አሮጌው አድራሻ ተዘግቷል፤ እርስዎው ነግረውኛል። ይህ ማሽን ደግሞ ጠዋት ባዶ ሲደረግ ባለቤታቸው አይተዋል። እስካሁንም ገና የመጫኛውን የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ቋንቋ፣ እየጠየቀ ነው። ባዶ ማሽን ደብዳቤ አይልክም። ታዲያ የእርስዎ ደብዳቤ በየት በኩል መጣ?»

ወንድምየው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ፖሊሱ መንገዱን ዘጋበት።

«ፖስታ ቤቱ ተከፍቷል የሚለውን ጉራ አምነው ዋሹ። ለምን ልጅቷ ላይ ማላከክ አስፈለገዎት? አሮጌውን አድራሻ የከፈቱት እርስዎ ስለሆኑ የይለፍ ቃሉ በእጅዎ ነበር፤ በወንድምዎ ስም ለቤቱ ሽያጭ ፈቀዱ። አድራሻው ከመዘጋቱ በፊት የተቀዱት የድሮ ደብዳቤዎች ወደዚህ ሲዛወሩ ያ ሊወጣ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእርስዎ ግን እስኪያድር እንኳ አልቆየም።»

«አውቆብኛል ብዬ ነው» አለ ወንድምየው። «ሊያዋርደኝ ነው ብዬ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከቴክኒሻኗ እጅ ፈታ። ልጅቷ እጇን እያሻሸች ወንድምየውን አየችው።

«ጋሼ አላወቁም ነበር» አለች። «‹ሲያልቅ መጀመሪያ ለወንድሜ አድራሻ ክፈቺለት፤ የእሱንም ሰው እንዳያነብበት› ብለውኝ ነው የወጣሁት።»