ከመጨረሻው የሚጀምረው አስተማሪ

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪዋ እንደ ወትሮው ሻይዋን ቆማ ጠጣች፤ ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ኦፔራ የሚያስተምራት ሰው ቤት ደረጃ ላይ ነበረች። ሟቹ ባሏ መደርደሪያ ሙሉ የኦፔራ ሸክላ ትቶላታል። ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ምን ይሰማ እንደነበር ለማወቅ ስትል በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ተማሪ ሆነች። ሰባት ሳምንት ተመላለሰች። አስተማሪው ትምህርቱ ባለቀ ቁጥር «ምን ሰማሽ?» ይላታል፤ እሷም እየተበሳጨች «ጩኸት» ትላለች።

አብሯት የሚማረው ጥርስ ሐኪም ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሙዚቃ እየተሰማ ማንኳኳት ክልክል ስለነበር እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር። ተያይዘው ገቡ። አስተማሪው መሰላሉ ሥር ወድቋል፤ ጭንቅላቱ የመደርደሪያውን ጠርዝ መትቶ ደም ፈስሷል። ሸክላው አልቆ መርፌው ይንኮሻኮሻል።

መርማሪዋ ሸክላውን ጎንበስ ብላ አየች። ወደ ጣቢያ ደውላ ምድር ቤት ያለውን ልብስ ሰፊና ከአስተማሪው ጋር የሚኖረውን የእህቱን ልጅ አስጠራች። ልጁ አጎቱ ከመሰላል ወድቆ መሆን አለበት አለ፤ አይ ከተባለም የገደለው ደጅ የተቀመጠው ሐኪም ነው። የአምና ተማሪ የነበረው ልብስ ሰፊ ግን ለልጁ መሰከረለት።

«እህቴ፣ እኔ ጋ እጅጌውን ሲያስለካ ከላይ ይዘፈን ነበር። የሞተ ሰው ሸክላ አያስዘፍንም።»

መርማሪዋ ለዕለቱ ትምህርት የወጣውን አዲስ ኦፔራ ሦስቱንም ሸክላዎች በየልባሳቸው መልሳ ለልጁ አቀበለችው።

«አጎትህ ለዛሬ ያዘጋጀውን እስቲ አጫውትልን።»

ልጁ ሳያመነታ አንደኛውን አወጣ።

«ምን ነካህ?» አለ ሐኪሙ። «ሦስተኛው ነው እንጂ።»

«ማን ከመጨረሻ ይጀምራል?»

«አጎትህ» አለች መርማሪዋ። «መጨረሻውን ያወቀ ሰው አይቸኩልም፣ ድምፁን ያዳምጣል ይል ነበር። አዲስ ኦፔራ አንድም ቀን ከመጀመሪያው አስጀምሮን አያውቅም። እኔ ስገባ ግን የሚዞረው አንደኛው ሸክላ ነው፤ ስለዚህ የእሱ እጅ አላስቀመጠውም። ሐኪሙም ልብስ ሰፊውም ይህን ልማዱን ያውቃሉ። ከአራታችን ተምሮ የማያውቀው አንተ ብቻ ነህ። አጎትህ ሸክላ የሚይዘው በጠርዙ ነበር፤ ይኸኛው ግን ቅድም ጎንበስ ብዬ ሳየው መሀሉ ላይ አውራ ጣት አርፎበት ነበር። የማን እንደሆነ ጣቢያ ይታያል። ሙዚቃው የሚመሰክረው ሸክላው መዞሩን ነው፣ አጎትህ መኖሩን አይደለም። አንዱ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ አስነስተኸው እጅጌህን ልታስለካ ወረድክ።»

ልጁ ሸክላውን አስቀምጦ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ድምፁን ቀንስልኝ ነው ያልኩት። እሱ ጭራሽ ጨመረው፤ ያኔ ገፋሁት» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ… ጩኸት ነው እኮ። እርስዎም ያውቁታል።»

«ጩኸት» የመርማሪዋ የራሷ ቃል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከባሏ መደርደሪያ የዚያኑ ኦፔራ ሦስተኛ ሸክላ አወጣች። በጠርዙ ያዘችው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ልማዷ ተናደደች፤ ልታጠፋውም ተነስታ ነበር። ወደ ማብቂያው ላይ ሙዚቃው ጸጥ አለ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዘፋኟ ከመጨረሻው ዜማ በፊት አየር ስትስብ ተሰማት።

«ትንፋሽ» አለች መርማሪዋ ጮክ ብላ።

ሸክላው አለቀ። «ምን ሰማሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው የለም።