አንዴ ብቻ የሚጠራው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ እመኑኝ፣ ሰው ጋኔን አየሁ ቢለኝ «እንቅልፍ አንሶህ ነው» ብዬ የማልፍ፣ ደግሞስ እዚህ አሜሪካ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ለሚውል ሰው ጋኔን ምኑ ነው? ይህንን የምነግራችሁ ግን በገዛ ጆሮዬ ስለሰማሁት ነው።

ያን ቀን ኦሮራ ከተማ እቤታችን ነን፣ እኔና የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሶልያና፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በረዶው ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል፣ ሚስቴ ቤዛ ሊትልተን ከተማ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ላይ ናት። ለልጅቷ አንድ የድሮ የአሜሪካ ተረት አንብባ ትርጉሙን እንድትጽፍ የቤት ሥራ ተሰጥቷታል። በተረቱ ውስጥ አንድ እንጨት ቆራጭን በበረዶ ቀን የሚስቱ ድምፅ ከደጅ ይጠራዋል፣ ሚስቱ ግን ሩቅ አገር ሄዳለች፣ እሱ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል፣ በዚያው ወጥቶ ይቀራል።

«ዳዲ፣ ድምፁ እኮ ሲምቦል ነው» አለችኝ። «ቲቸሬ ናት ያለችው። ብቻውን ስለሆነ፣ ሎንሊ ስለሆነ ነው የሰማው።»

«የምን ሲምቦል፣ ድምፅ ድምፅ ነው!» አልኳት እየሳቅኩ። «የሰውዬው ጥፋት መመለሱ ነው። እኛ አገር ትልልቅ ሰዎች የጠራህን ሳታይ አቤት አትበል ይላሉ። ሰው ከሆነ ሁለተኛም ይጠራል፣ ሰው ያልሆነው ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጠራው።»

«አንተ ደግሞ ሲጠሩሽ ቶሎ አቤት በይ ትለኛለህ!»

እውነቷን ነው፣ አፏን ከፈታች ጀምሮ ያስተማርኳት ይህንኑ ነው፣ «ዋት?» እያለች እንዳታድግብኝ።

መልስ ሳልሰጣት ከጋራዡ በኩል «ሶልያና!» የሚል ድምፅ መጣ። የቤዛ ድምፅ ነው፣ ከሥራ ደክሟት ስትገባ እንደምትለው መጨረሻውን ጎተት አድርጋ።

«አቤት እማ!» ብላ ልጄ ሮጠች። እኔም ምንም አልጠረጠርኩም፣ በረዶው ከብዶ ቀደም ብለው ለቀቋት ብዬ ዕቃ ልቀበላት ተከተልኩ። ጋራዡ ባዶ ነው፣ መኪናም የለ፣ ሰውም የለ። ትልቁን በር ከፍቼ ደጁን ባይ በረዶው እንደተነጠፈ ነው፣ የጎማ ቀርቶ የእግር ዱካ የለበትም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፣ ቤዛ ናት።

«ሶልያና ምን ሆነች?» አለችኝ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ምንም አልሆነች። ምነው?»

«የአንዷን አሮጊት አልጋ ሳነጥፍ ከጀርባዬ ‹አቤት እማ› ስትለኝ ሰማኋት። እኔ እኮ አልጠራኋትም!»

ልጄን እጇን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋትና የጋራዡን በር ቆለፍኩ።

ቤተ ክርስቲያን ለማውቃቸው ሽማግሌ ለአባባ ታዬ ነገርኳቸው፣ ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

«መለሰች?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ መለሰች።»

«ብቻዋን አትተዋት» ብለው ሌላ ወሬ አመጡ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ቤታችን ውስጥ ማንም ማንንም አንዴ ብቻ አይጠራም፣ «ሶልያና፣ ሶልያና» እንላለን፣ እሷም ሁለተኛውን ሳትሰማ አትመልስም። አልዋሻችሁም፣ ፈርቻለሁ፣ አንድ ልጄ ናት። ትናንት አመሻሹ ላይ ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ከጋራዡ በኩል ተጠራች፣ በእኔ ድምፅ። ልጄ አፌን አየችኝ፣ ከዚያ የራሷን አፍ በሁለት እጇ ያዘች፣ እናቷ እቅፍ አደረገቻት፣ ሁለተኛውን ጠበቅን። አልመጣም።